በጃርት እሾህ የተሰፋ ጉም

ለንደን፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፣ ለወንድሜ መኩሪያ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ያዘህ? አሰላ መቼም ብርዱን ጀምሯል። እናትህ እቴቴስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስለ እኔ አታስብ፤ ጤና ነኝ። ጤና ነኝ ስል ምግብ እበላለሁ፣ የባተርሲን አውቶቡስ ተሳፍሬ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። እንቅልፍ ካጣሁ ግን ሳምንት ሆነኝ።

«ይህ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ ተረት ነው?» ትለኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ለአንድ ተረት ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህና ከዚያ በኋላ ሳቅብኝ።

ሥራዬን ለሰው ስትናገር «ለንደን መጽሐፍ ቤት ነች» ትላለህ አሉ። የምንሠራው የአሜሪካኖች ተረት፣ እምነትና ዘፈን በፊደል ተራ የሚዘረዘርበት ባለ ሁለት ቅጽ የማጣቀሻ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዎቹ እዚያ ናቸው፤ አሳታሚው እዚህ ነው። እኔ ምንጭ አጣሪ ነኝ። አንዱ ፕሮፌሰር «ይህ ተረት የኬንተኪ ነው» ብሎ ከጻፈ፣ «ማን ነገረህ? መቼ? እሷስ ከማን ሰማች?» እያልኩ እስከ መጀመሪያው ነጋሪ እወርዳለሁ። ስምና ቦታ ያልተገኘለት ነገር አይታተምም። ይህን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ በዚህ የተነሳ ቢሮ ውስጥ ብዙ ወዳጅ የለኝም።

እና ባለፈው ሳምንት «ጉም የሰፋችው እህት» የሚል ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ወንድሟን ከአሳዳጆቹ ለመደበቅ ጉም እየሰፋች ልብስ የምትሠራለት። በሦስተኛው ቀን መርፌዋ ተሰብሮ በጃርት እሾህ የጨረሰችው። አንድ ቀዳዳ ረስታ፣ አሳዳጆቹ በቀዳዳው ተረከዙን አይተው «ፍየል ነው» ብለው ያለፉት። አወቅከው አይደል? የእናትህ ተረት ነው! በ1970 ክረምት፣ ቤተሰቦቼ ከአዲስ አበባ አሽሽተው እናንተ ዘንድ ሲልኩኝ፣ እኔና አንተን በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው የነገሩን። አያታቸው እንደ ነገሯቸው ሁልጊዜ ይሉን ነበር።

ጽሑፉ ግን የኬንተኪ ተራራ ተረት ነው ይላል። የነገረችው ሚስ ዴላ የምትባል አሮጊት፣ የቀረጹት ፕሮፌሰር ዌንዴል ናቸው። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚያች በጃርቷ እሾህ ላይ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ወረዳ ጃርት ስለሌለ፣ ተረቱ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ከነበሩት ሕዝቦች የተወረሰ ነው ብለው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ስማ። ሚስ ዴላን አውቃታለሁ። ከፕሮፌሰሩ ሁለት ዓመት ቀድሜ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ለክረምት ሥራ ኬንተኪ ሄጄ በረንዳዋ ላይ ሠላሳ ስምንት ተረት ቀድቻለሁ። ሠላሳ ስምንት! መምህሮቻችን «ከራሳችሁ ምንም አትጨምሩ» ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። ግን አስተዳደጋችንን ታውቃለህ፤ ተረት የተነገረው ሰው ዝም ብሎ አይነሳም፣ ይመልሳል። ያን ሁሉ ተቀብዬ ባዶ እጄን ከሰው ቤት የምወጣ መሰለኝና አፈርኩ። መቅረጫውን ዘግቼ የእቴቴን ተረት ነገርኳት። ማስታወሻዬ ላይም አልጻፍኩትም፤ ጨዋነት ነው ብዬ።

ይኸው ጨዋነቴ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ዝም ካልኩ ውሸት አሳትማለሁ። ከተናገርኩ ደግሞ የሌላውን ምንጭ የምታጣራው ሴት ራሷ ምንጭ አደፍርሳ ተገኘች ይባላል።

እባክህ እቴቴን ተረቱን አስነግራቸውና በስልክህ ቅረጽልኝ። ከማን እንደ ሰሙትም ጠይቅልኝ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባው ኅዳር 30 ነው። ይህን ወረቀት ልጄ ሶልያና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። «ማም፣ ለምን ቮይስ ኖት አታደርጊም?» ትለኛለች። ድምፄ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነው።

መልስህን እየጠበቅሁ፣
ሮማንወርቅ

* * *

አሰላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሮማን፤

በመዘግየቴ ይቅርታ። ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ዘንድሮ በአንድ ክፍል ሰባ ሁለት ተማሪ ሰጥተውኛል፤ ታሪክ ማስተማር ቀርቶ ስም መጥራት ራሱ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሳል። ገብሱ ጥሩ ነው። ያጎቴ ልጅ አምሃ ሚስት አገባ፤ በሃምሳ አንድ ዓመቱ! ሰርጉ ላይ አንቺ ብቻ ነበር የጎደልሽው።

ስለ ቀረጻው ስልኬ አልታዘዝ ብሎኛል። እማዬም ትንሽ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ዘግቷል። ሲሻላት እናየዋለን፤ አትቸኩይ።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። መጽሐፋችሁ ላይ የነጋሪው ስም ይጻፋል? ከነአገሩ? የሠራበት ቤትስ፣ የኖረበት ዘመንስ ይጠየቃል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሶልያናን ሳሚልኝ። አማርኛ መጻፍ ጀመረች?

ወንድምሽ መኩሪያ

* * *

ለንደን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኩሪያ፣ ወንድሜ፤

ለአምሃ እንኳን ደስ ያለው በልልኝ፤ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ወጡ አይበርደውም።

ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሙሉ ስም፣ አገር፣ ዘመን፣ ከማን እንደ ተሰማ። ያለዚያ ምንጭ አይባልም።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር ልምጣ። ጉንፋኑ አልተዋጠልኝም። እኔ እዚህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኖር የአገሬን ሰው ደብዳቤ ማንበብ ተምሬአለሁ። ገብሱን አስቀድመህ፣ ሰርጉን አስከትለህ፣ እናትህን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር አለፍካቸው። ሃርልስደን ያለችው ጓደኛዬ እድላዊት አባቷ «ጠበል ገብተዋል» እየተባለች ስምንት ወር ቆይታ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሯን አንኳኩባት። ይኸው እኔም ከዚያ ደብዳቤህ ወዲህ ደወል በተደወለ ቁጥር በቀዳዳ አያለሁ። ትናንት ለመጣው የጋዝ ቆጣሪ አንባቢ «ማን ሞተ?» ብዬ ነው በር የከፈትኩለት።

መኩሪያ፣ እቴቴ በሕይወት አሉ? አንድ ቃል ጻፍልኝ። ፎቶ ላክልኝ።

ቢሮ ደግሞ የፈሩት ይደርሳል ሆኗል። ዋና አዘጋጇ ሚስስ ሃርግሪቭ «ያ የጉሙ ጽሑፍ ለምን አንቺ ጋ ቆየ?» አለችኝ። «ቼክ እያደረግሁት ነው» አልኳት። «ለሦስት ገጽ አምስት ሳምንት?» ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ሳገኛት ስልኬን የማነብ እመስላለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የቤት ሥራ እንዳልሠራች ልጅ እየተደበቅሁ ነው።

ሮማንወርቅ

* * *

አሰላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮማን፤

ፎቶውን እይው። ዛሬ ከቅዳሴ ስትመለስ ያነሳኋት ነው። ተቆጥታ ነው እንጂ ሞታ አይደለም። ስለዋሸሁሽ ይቅር በዪኝ፤ ጉንፋን የሚባል ነገር አልነበረም። ስልኬም ደህና ነው።

እውነቱ ይህ ነው። ደብዳቤሽ በደረሰ ዕለት ምሳ ላይ «እማዬ፣ ያን የጉሙን ተረት ከማን ነው የሰማሽው? ሮማን ለመጽሐፍ ፈልጋዋለች» አልኳት። ጉርሻዋን መለሰችው። «ማን ነው የሚጠይቀው?» አለች። ሮማን ናት እንጂ አልኳት። «ሮማንን ማን ጠየቃት? ከበላይዋ ማን አለ?» አለችኝ። ከዚያ «እኔ ተረት አላውቅም» ብላ ተነስታ ክፍሏ ገባችና ዘጋች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወጥታ የድሮውን ሣጥን ፈተሸች፤ ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት «ምንም እንደሌለ ላረጋግጥ ነው» አለች።

እናቴን በሕይወቴ እንዲህ ፈርታ አይቻት አላውቅም። እባብ በዱላ የምትገድል ሴት ናት! የታሪክ መምህር ነኝ እያልኩ የእናቴን ነገር አለማወቄ አሳፈረኝ።

እህቴ፣ ብትተዪውስ? ሆድ ይፍጀው። ተረቱን አሜሪካኖቹ ይውሰዱት፤ ምን ጎደለብን?

መኩሪያ

* * *

ለንደን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኩሪያ፤

ፎቶውን አይቼ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ ኩርፊያቸውን አይቼ ስቄአለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለተኛ ግን አታድርገው፤ ልቤ አይችልም።

መተዉን አልቻልኩም። ትናንት ተናገርኩ።

እንዴት እንደሆነ ለጠየቀችኝ ለሶልያና የነገርኳትን ያህል ነው ላንተም የምነግርህ፤ ከዚያ በላይ ሳስበው ያመኛል። ሁሉንም አልኩ። ተረቱ የኢትዮጵያ ነው፣ የአክስቴ አያት ተረት ነው፣ ለሚስ ዴላ የነገርኳት እኔ ነኝ አልኩ። ሚስስ ሃርግሪቭ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ «ማስረጃሽ የት አለ? ሕጉ ያንቺ ነው እኮ» አለችኝ። እስከ ኅዳር 30 የነጋሪውን ስምና ቃል ካመጣሁ ጽሑፉ ተስተካክሎ ይገባል። ካላመጣሁ ጽሑፉ ከመጽሐፉ ይወጣል፤ የእኔም ስም ከአዘጋጆቹ ዝርዝር ይወጣል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት መጽሐፍ ነው። ኮንትራቴንም ሪኒው አያደርጉትም፤ ይህን እንኳ በአፏ አላለችውም፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት።

ለፕሮፌሰር ዌንዴልም ተጽፎላቸዋል። የመለሱት አንድ መስመር ነው። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንቺን አክስት ስጠቅስ ኖሬአለሁ ማለት ነው?» ይላል። ንዴት የለበትም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ሶልያና «ዩ ዲድ ዘ ራይት ቲንግ፣ ማም» ትለኛለች። እሷ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትክክል መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቀጣ አታውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን መመለሻ የለኝም። እቴቴን በእኔ ስም ለምናቸው። እግራቸው ላይ ወድቃለች በልልኝ። ምን እንደሚፈሩ ብቻ ይንገሩኝ።

ሮማንወርቅ

* * *

አሰላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮማን፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ካነበብሽ በኋላ ለማንም እንዳታሳዪ አደራ ተብዬ ነው የምጽፈው፤ እንዲያውም እንዳልጽፍ ተብያለሁ።

እማዬን «ሮማን እግርሽ ላይ ወድቃለች» አልኳት። ከዚያ በሩን ዘግቼ እንድመለስ ነገረችኝ። ደግሞ መስኮቱን። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አያቴ አልነገረችኝም። አያቴን አላውቃትም፤ ከመወለዴ በፊት ነው የሞተችው።»

በ1957 ከሰላም ጓድ ጋር የመጣ ላይል የሚባል አሜሪካዊ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እማዬ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ልብሱን አጥባለታለች፣ ምግቡን አብስላለታለች። የምታስቢውን አውቃለሁ፤ እኔ የተወለድኩት ሰውዬው አገሩ ከገባ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፣ አፍንጫዬንም አይተሽዋል። ተራራ አገር ያደገ ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ «የእናቴን ቤት መሰለኝ» ይል ነበር። እና በሰባራ አማርኛው ያን ተረት ነገራት። የእናቱ ተረት ነው።

ሌላም አለ። በእሱ አነጋገር መርፌው ሲሰበር እህትየው በእሾህ ነው የሰፋችው፤ የምን እሾህ እንደሆነ በአማርኛ ስሙን አላወቀውም። በዚያ ሰሞን ጃርት ድንቻቸውን እየበላ አስቸግሯቸው ስለነበር፣ እማዬ «በቃ የጃርት ይሁን» አለችው። ሳቀ። ከዚያ በኋላ እሱም ራሱ የጃርት እያለ ለተማሪዎቹ ይነግር ነበር። ይህን ስትነግረኝ እማዬ ራሷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በ1969 ካድሬዎቹ ጠሯት። በአሜሪካ ሰላይ ቤት ሠርተሻል፣ ምን ወሬ አቀበልሽ ብለው አሥራ አንድ ቀን አሰሯት። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ «ለለቅሶ ገጠር ሄዳለች» ተብዬ ነበር። አባቴ ዘርይሁን የሰውየውን ፎቶና ከአገሩ የላካቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ አቃጠለ። ስትፈታ የላይልን ስም በዚህ ቤት ማንም እንዳያነሳ ተማማሉ። በዓመቱ አንቺ መጣሽ። ፈርተሽ እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ፣ የምታውቀው ማስታገሻ ያን ተረት ብቻ ነበር፤ ከማን ነው ስትዪያት «ከአያቴ» አለችሽ። ከዚያ ወዲህ ተረቱ የአያቷ ሆነ።

ያ መንግሥት ከወደቀ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል አልኳት። «መንግሥት ይወድቃል፤ ወረቀት ግን አይወድቅም» አለችኝ። ስሟን እንዳትጽፊ ትለምንሻለች። «ያ መጽሐፍ ቀበሌ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን አንቺ ላኪልኝ።

መኩሪያ

* * *

ለንደን፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

መኩሪያ፤

ተቀምጬ አነበብኩት። ከዚያ ቆሜ አነበብኩት።

በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ «ይህ ተረት የእኛ ነው» ብዬ የነጠቅኋቸው ለካ የራሳቸው ነው! ደግሞም አይደለም፤ እሾሁ የእናትህ ነው። ፕሮፌሰሩ መጽሐፍ የጻፉባት እሾህ የአሰላ ድንች የበላ ጃርት እሾህ ናት። ለብቻዬ ኩሽና ውስጥ ሳቅሁ፤ ከዚያ በጣም ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። በካድሬዎቹ መሰለኝ፤ ወይም በራሴ። አንዲት ሴት አሥራ አንድ ቀን የታሰረችበትን ነገር «ሙሉ ስም፣ አገር፣ ዘመን» እያልኩ እንደነሱ ስጠይቃት ነበር።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሚስ ዴላ ተረቱን ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዝ ነበር። አሳዳጆቹ በቀዳዳው ሲያዩ የሚሉትን ከእኔ ቀድማ «ፍየል ነው» አለችኝ። እኔ እንዴት ያለች ብልህ አሮጊት ብዬ አልፌዋለሁ። ታውቀው ነበር እኮ! ምናልባት ረስታው አስታወስኳት እንጂ አዲስ ነገር አልሰጠኋትም።

ላንተና ለእቴቴ ልንገራችሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። የላይልንም አልጽፍም፤ እሱ ከተጻፈ እሱ ቤት ማን እንደሠራች መፈለግ ቀላል ነው። ዛሬ ሚስስ ሃርግሪቭ ቢሮ ገብቼ «እውነቱን አግኝቻለሁ፤ የሰጠኋችሁ ቃል ግማሹ ስህተት ነው፤ ምንጩን ግን መናገር አልችልም» አልኳት። ካቢኔቷን ከፍታ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፍኩትን ሕግ አወጣችና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ስምና ቦታ ያልተገኘለት አይታተምም። በጥሩ እንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት።

ስለዚህ አለቀ። ሰኞ ጽሑፉ ይወጣል፤ እኔም እወጣለሁ። እፈራለሁ መኩሪያ፤ በዚህ ዕድሜ ማን ሥራ ይሰጠኛል ብዬ እፈራለሁ። ለፕሮፌሰሩ ግን «ተረቱስ የተራራችሁ ነው» የምትል ዓይነት አንዲት መልካም ቃል ብጽፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከየት እንዳወቅሁ ሳልናገር እሷንም አልችልም።

ለእቴቴ መጽሐፉ ቀበሌ አይደርስም በላቸው። የትም አይደርስም።

ሮማንወርቅ

* * *

አሰላ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮማን፤ የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ሳነብላት «ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ወረቀት አምጣ አለች። ከዚህ በታች ያለው ቃል የእሷ ነው፤ እኔ እጄን ብቻ ነው ያዋስኩት። ድምፅዋንም ቀርጬዋለሁ፤ መስኮቱን ራሷ ናት የከፈተችው። መኩሪያ።

ልጄ ሮማንወርቅ፤ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ልጅሽ ደህና ናት ወይ?

መኩሪያ ያነበበልኝን ሰማሁ። የኔን ስም ሸሽገሽ አንቺ እንጀራሽን ልታጪ ነው። እኔ አንቺን ቤቴ የሸሸግሁሽ እንድትኖሪ ነበር፤ አንቺ በተራሽ ሸሽገሽኝ ልትጎጂ አይደለም። ይህ አይሆንም።

ያ ልጅ ላይል ክፉ አልነበረም። ሰላይም አልነበረም፤ ስልቻ ሙሉ መጽሐፍ ብቻ ነበረው። እናቱን ይወድ ነበር። ሲነግረኝ ዕንባው ይመጣ ነበር፤ እኔ አማርኛው ሲሰበር እስቅበት ነበር። ከዚያ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሙን በልቼ፣ የእናቱን ተረት ለማላውቃት ለአያቴ ሰጠሁ። ይህ ኃጢአት ነው። ለቄሱም አልተናዘዝኩትም።

አሁን ጻፊ። ስሜ ጥሩብርሃን ወልደሰንበት ይመር ነው። የተወለድኩት አርሲ ነው፣ የምኖረው አሰላ ነው፣ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት ነው። ተረቱን የሰማሁት ከላይል ነው፤ ላይል ከእናቱ ነው የሰማው። እሾሁን የጃርት ያደረግሁት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ ታስሬ ነበር፤ እሱንም ጻፊው።

ሌላ የሚጠይቅ ካለ ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ፤ ቤቴን ማንም ያሳየዋል።